«ይክፈለኝ» ብዬ ሄጄ «ግልግል ዳኝነት ሂድ» ተባልኩ

ኮምቦልቻ ላይ ለሚሰራ አንድ መጋዘን ጠጠርና አሸዋ ሳቀርብ ነበር፣ ኮንትራክተሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር በሰዓቱ ከፈለኝ ከዛ ዛሬ ነገ እያለ የ64 ቢያጆ፣ ማለትም የ64 ምልልስ ጭነት ሂሳብ እላዩ ላይ ቀረ። መኪናው ሳይት ላይ ባራገፈ ቁጥር ስቶር ኪፐሩ የሚፈርምባት ወረቀት አለች፣ አንዷም አልጠፋችብኝም፣ ሁሉንም በፌስታል ይዤ ነው ጠበቃ ጋ የሄድኩት። የሾፌሮች ደሞዝ ነበረብኝ የናፍጣ እዳ ነበረብኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም።

እኔ የመሰለኝ ዳኛው ወረቀቶቹን አይቶ «ክፈል» ይለዋል ነው። እንደዛ ያለ መንገድ በህጋችን አለም፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 284 ጀምሮ ያለው አጭር ሥነ ሥርዓት ነው፣ የምትጠይቁት ገንዘብ ልኩ የታወቀ ከሆነ ተከሳሹ ለመከላከል ራሱ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት። ደስ ብሎኝ ደሴ ላይ ክስ መሰረትኩ። የሱ ጠበቃ ግን ኮንትራቱን አቀረበና አንቀጽ 17ን አሳየ፣ «ማንኛውም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል» ይላል፣ ከስሩ ፊርማዬ አለ። መዝገቡ ተዘጋ።

እውነት ለመናገር ስፈርም ሽምግልና መስሎኝ ነበር። እኛ ወሎ ውስጥ ስንጣላ ሽማግሌ ይገባል፣ አባጋሮቹ ስንት ደም አድርቀዋል፣ እና «ግልግል» ሲባል ቡና ተፈልቶ ዱዓ ተደርጎ መታረቅ ነው ያልኩት። አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 እርቅን ለብቻ ግልግል ዳኝነትን ለብቻ ነው ያስቀመጠው፣ ገላጋዩ ይፈርዳል፣ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በነገራችን ላይ ያኛው ወገን የግልግሉን ነገር በመጀመሪያው አጋጣሚ መቃወሚያ አድርጎ ካላነሳው እንደተወው ነው የሚቆጠረው፣ የኔው ግን አልረሳውም።

ቤት ገብቼ ስተክዝ የአክስቴ ልጅ፣ ጠበቃ ነው፣ «አብሽር፣ ፍርድ ቤቱ ክፈል አይለውም እንጂ ብሩን እንዳያሸሽ ማገድ ይችላል» አለኝ። ይሄ ነው ሰው የማያውቀው! የግልግል ስምምነት ቢኖርም፣ ገላጋዮቹ ከመሰየማቸው በፊትም ሆነ ጉዳዩን እያዩ፣ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ መስጠት ይችላል። ገላጋይ እስኪመረጥ ጊዜ ይሄዳል፣ ብር ደግሞ አይጠብቅም። ታዲያ ለምን ክፈል አይለውም ስለው ማን ባለዕዳ ነው የሚለውን መወሰን የገላጋዩ ስራ ነው አለኝ። ሌላ አገር ይለያያል ብሎም አጫወተኝ፣ ጣሊያን ውስጥ የግልግል አንቀጽ ቢኖርም ዳኛ የክፈል ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፣ ባለዕዳው ተቃውሞ ግልግሉን ካነሳ ግን ትእዛዙ ይሻራል፣ ፈረንሳይ ደግሞ ገላጋዮች ሳይሰየሙ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ የሚታዘዝበት አለ።

በዛው ሳምንት ሀረጎን ወርጄ ሳይቱ ጋ ስደርስ ሚክሰሩ ሎቤድ ላይ እየተጫነ ነው፣ በስልኬ አነሳሁት፣ ታርጋው ሳይቀር ይታያል። የእግድ አቤቱታው ላይ ከቃለ መሃላው ጋር አያይዘን አስገባነው፣ ንብረት ሊያሸሽ መሆኑን ማሳየት ነው ዋናው ነገር፣ አልከፈለኝም ብቻ ብትሉ አይበቃም። ዋስትና አስይዙ ልትባሉም ትችላላችሁ፣ እኔ የወንድሜን መኪና ሊብሬ አስያዝኩ፣ አላህ ይስጠው። ባለመጋዘኑ ለኮንትራክተሩ ከሚከፍለው ላይ የኔን ያህል ብር ታገደ።

ከዛ በኋላ ስልክ ማንሳት ጀመረ። ገላጋይ ግን አልመርጥም ብሎ ሁለት ወር አቆየኝ፣ እሱንም ፍርድ ቤት ሾመልን። የመጀመሪያው ስብሰባ የፊታችን ሐሙስ ደሴ ፒያሳ ነው፣ 64ቱንም ወረቀት በቀን በቀን አስተካክዬ ኮፒ አስደርጌያለሁ።