አልጋ ላይ ሲገላበጡ የሚያዞር በሽታ፦ የኤፕሊ ዘዴ የሚከሽፍባቸው ቦታዎች

ተኝተው ሲገላበጡ ወይም ቀና ብለው ዕቃ ሲያወርዱ ቤቱ ለጥቂት ሰከንድ የሚሽከረከርባቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚሰሙት "ደም ግፊት ነው" ወይም "ደም ማነስ ነው" የሚል ነው። አሜሪካ ያሉት ደግሞ አንዳንዴ ካይሮፕራክተር (አከርካሪና አንገት በእጅ የሚያቃና ባለሙያ) ዘንድ ሄደው አንገታቸው እንዲቃናላቸው ይጠይቃሉ። ይህ ዓይነቱ ማዞር ግን ከአንገት አይመጣም። በውስጥ ጆሮ ውስጥ በቦታቸው ተጣብቀው መኖር የነበረባቸው ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ብናኞች ይላቀቁና ፈሳሽ ካለባቸው የውስጥ ጆሮ ቦዮች ወደ አንዱ ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ወደ ኋለኛው ቦይ ነው። ጭንቅላት ሲዘነበል ብናኙ ፈሳሹን ይዞ ይሄዳል፤ አንጎልም ሰውነት እየዞረ ነው ብሎ ያምናል።

ስለዚህ ሕክምናው አንገት ማንቋቋት ሳይሆን ጭንቅላትን በዝግታ እያዞሩ ብናኙን ወደመጣበት መመለስ ነው። ሐኪሙ ጆን ኤፕሊ በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ይኸው ነው።

ከሁሉ በፊት የታመመው ጆሮ በየትኛው ጎን እንደሆነ ይለይ። ታካሚው ጭንቅላቱን 45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን አዙሮ በፍጥነት ጀርባው ላይ ይተኛል፤ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጫፍ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዓይኑ እየተጠማዘዘና ወደ ላይ እየዘለለ ቢንቀጠቀጥ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ቢቆም፣ የታመመው ታች ያለው ጆሮ ነው። ይህን ሳያዩ ኤፕሊን መጀመር በጭፍን መሥራት ነው።

የታመመው ቀኝ ከሆነ እዚያው ቦታ ላይ ማዞሩ እስኪቆም፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ይቆዩ። ጭንቅላቱን ሳያነሱ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ይጠብቁ። ከዚያ ታካሚው በግራ ትከሻው ላይ ይገልበጥ፤ አፍንጫው ወደ ወለሉ እንዲያይ ጭንቅላቱ ሌላ 90 ዲግሪ ይዙር። አሁንም ጠብቀው፣ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግተው በዝግታ ያስቀምጡት። ሲቀመጥ ድንገት የመውደቅ ስሜት ሊይዘው ስለሚችል ትከሻውን አይልቀቁ።

በብዛት የሚበላሸው መሃል ላይ ነው። ጭንቅላት ሲዞር ትንሽ ቀና ካለ ብናኙ ተመልሶ ወደ ቦዩ ሊወርድ ይችላል። ጥድፊያም እንዲሁ ነው፤ ብናኙ የሚወርደው በራሱ ክብደት እንጂ በጉልበት አይደለም። አንዳንዴም ብናኙ ወደ አግድሙ ቦይ ይሻገራል፤ ያኔ የዓይኑ እንቅስቃሴ ወደ ጎን ይሆናል። ኤፕሊን መደጋገም እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ተኝቶ ወደ ጤነኛው ጎን በ90 ዲግሪ እርምጃ የሚሽከረከሩበት ሌላ ዘዴ አለ።

አንገቱ የማይታጠፍ አረጋዊን በግድ አያንጋልሉ፤ ትከሻው ሥር ትራስ ሲደረግ ጭንቅላቱ አልጋው ላይ እንዳለ ዝቅ ይላል። ንግግር መንተባተብ፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ድንገተኛ ብርቱ የአንገት ወይም የራስ ሕመም ካለ ግን ይህን ሁሉ ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይላኩ፤ አንገት መነካት የለበትም።

ከሕክምናው በኋላ ቁጭ ብሎ ማደር አያስፈልግም። ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ መንገዳገድ ሊቀር ይችላል። ሲተኙ ቤቱ አሁንም የሚዞር ከሆነ ግን ምርመራው እንደገና ከጎን መለየቱ ይጀመር።