ስሟ ቢሰረዝም ትታወቃለች፦ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የተግባር ልምምድ እንዴት እንደሠራሁ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለተግባር ልምምድ የሚመደብ የጤና ፖሊሲ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰው ምስጢር ባለበት ቢሮ ነው የሚቀመጠው። ሥራዬን የጀመርኩት የትኛውን መረጃ ሳላይ ሪፖርቴን መጻፍ እንደምችል በመለየት ነው። አብዛኛው የፖሊሲ ጥያቄ የማንንም ካርድ መክፈት አያስፈልገውም።

ከዩኒቨርሲቲ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» ብሎ ያበቃል። ይህ አይበቃም። የእኔ ደብዳቤ ርዕሱን፣ የምፈልጋቸውን አመልካቾች (የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል፣ በጤና ተቋም መውለድ)፣ የስንት ወር ሪፖርት እንደምወስድና ካርድም ሆነ መዝገብ እንደማልነካ ይዘረዝራል። የምስጢር ጥበቃ ቃልም ፈርሜ አያይዤበታለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ስለሚያስቀምጠው፣ ኃላፊው ደብዳቤው ላይ ሲመሩ የሚፈቅዱትን በትክክል ሊያውቁ ይገባል።

የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው፤ ጤና ጣቢያዎች እስከ 26 ለወረዳ ያስገባሉ፣ ወረዳው ደግሞ ለዞን ያደርሳል። በእነዚያ ቀናት የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት) ባለሙያውን ማጨናነቅ አይገባም። ከወሩ 5 እስከ 18 ያለው ጊዜ ይሻላል።

ዲኤችአይኤስ 2 ላይ፣ ማለትም የጤና ሪፖርት በሚገባበት የኮምፒውተር ሲስተም ላይ፣ በሌላ ሰው ስምና የይለፍ ቃል መግባት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልስማማበትም። ሲስተሙ ማን የትኛውን ቁጥር እንደነካ ስለሚመዘግብ፣ ተማሪው ያበላሸው ቁጥር በባለሙያው ስም ይጻፋል። ባለሙያው ሠንጠረዡን ራሱ አውጥቶ በኤክሴል ይስጠኝ ማለት ለሁለታችንም ይበጃል። የሪፖርቱን ትክክለኛነት ከመዝገብ ጋር ስናመሳክርም ባለሙያው ይቆጥራል፣ እኔ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ። መዝገቡ ላይ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀበሌና የምርመራ ውጤት አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ፣ አንድ ገጽ መግለጥ ብቻ ሁሉንም ያሳያል።

ከሁሉም የሚከብደው ሠንጠረዡ ነው። ብዙዎች ስም ከተሰረዘ ምስጢር የተጠበቀ ይመስላቸዋል። መንዝ ወይም አንኮበር ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ «ሴት፣ ከ15–19 ዓመት፣ ቫይረሱ በደሟ የተገኘ፦ 1» ተብሎ ከወጣ፣ አገር ያውቃታል። ምስጢሯ የወጣባት ሴት መድኃኒቷን ለመውሰድ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፣ ወይም ታቋርጣለች። ስለዚህ ከ5 በታች የሆነ ቁጥር በቀበሌ ደረጃ አላወጣም።

መሸፈኑ ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። የአራት ቀበሌዎች ቁጥር 12፣ 9፣ 2 እና 15፣ ድምሩም 38 ነው እንበል። 2ን በኮከብ ተክቼ ድምሩን ብተወው፣ አንባቢ ከ38 ላይ 36 ቀንሶ ያገኘዋል። ወይ ሁለተኛ ቁጥር አብሮ መሸፈን፣ ወይ ቀበሌዎቹን መጠቅለል የግድ ነው። እኔ መጠቅለሉን እመርጣለሁ፤ በአደረጃጀቱ አንድ ጤና ጣቢያ 5 ያህል ጤና ኬላዎችን ስለሚይዝ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ የተሠራ ሠንጠረዥ ለውሳኔም ይመቻል። መቶኛም ያጋልጣል፦ «ከ4 እናቶች 25 በመቶ» ማለት አንዲት እናት ናት። የ6 ወርና የ7 ወር ድምር ተከታትለው ከወጡም ልዩነታቸው የአንድ ወር ቁጥር ነውና ከዚህ በፊት የወጣውን ሳያዩ አዲስ ሠንጠረዥ ማውጣት አደገኛ ነው።

የመጨረሻው ጽሑፍ ሁለት ገጽ በአማርኛ ይበቃዋል። ችግሩ፣ የሚያሳየው ቁጥር፣ ወረዳው ባለው በጀትና ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከተጻፈ በየወሩ ለሚሰበሰበው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ሊቀርብ ይችላል። «ግንዛቤ ይሰጥ» ብሎ መዝጋት ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ይጻፍ።

መረጃ የሚያፈተልከው በብዛት ከሲስተሙ አይደለም። መዝገብ በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ኅትመት ቤት ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ በፍላሽ ወስደው ሲያሳትሙ ፋይሉ መጀመሪያ ዴስክቶፕ ላይ ይገለበጣል፣ እዚያው ይቀራል። እኔ ለኅትመት የምሰጠው በጤና ጣቢያ ደረጃ የተጠቀለለው ሠንጠረዥ ያለበትን ፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ ከመውጣቴም በፊት ከዴስክቶፑም ከሪሳይክል ቢኑም እንዲጠፋ አስደርጋለሁ።