ባንክ ለቅቃችሁ የኢንቨስትመንት አማካሪ ልትሆኑ ነው? መጀመሪያ ወረቀታችሁን ያዙ

ባሕር ዳር ተቀምጬ የኢንቨስትመንት አማካሪ እሆናለሁ ስል "ማንን ልታማክር?" ያለኝ ብዙ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር መልሱን አገኘሁት። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። የጊሽ ዓባይ ነጋዴዎች እኔ ወደምሠራበት ቅርንጫፍ እየመጡ "ልግዛ ወይስ ባጃጅ ልጨምር?" ይሉኝ ነበር። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ይህን ሥራዬ ብሎ መያዝ አይችልም።

ለፈቃዱ ማጥናቱ አልከበደኝም። ፈቃድ ያለው የአዲስ አበባ ድርጅትም ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ አለፍኩ። "የሥራ ልምድህን ይዘህ ና" አሉኝ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው።

ለባንኩ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነው የለቀቅኩት። የሰው ኃይል ክፍሉ "ክሊራንስ ሳትጨርስ ማስረጃ የለም" አለ። ንብረት ክፍል ስሄድ በስሜ የወጣ ካልኩሌተር አለ ተባልኩ። ካልኩሌተሩ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የተካችኝ ልጅ እየደመረችበት ነው! ግን የተለጠፈበት ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም። "ኮሚቴ ይየው" አሉ። ሰብሳቢው አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ፊልድ፣ አንዴ ፈቃድ ላይ ነው። ዋጋውን ልክፈል ብል "እሱንም ኮሚቴው ነው የሚወስነው"።

በመጨረሻ የተሰጠኝ ደብዳቤ "የባንክ ባለሙያ ነበሩ" ይላል፤ በቃ። ስንት ዓመት የሠራሁት የብድር ትንተና የለም። ከደመወዜ የሥራ ግብር መከፈሉም አልተጻፈም። አስተካክሉልኝ ስል "ፎርማቱ ይኸው ነው"። የአዲስ አበባው ድርጅት ታግሶ ታግሶ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠው። እኔ የገባሁት በሚቀጥለው ቅጥር ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

"ሳትለቅ የሥራ ልምድ አይጻፍም" ቢሏችሁ አትመኑ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12ን አንብቡ። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ወንበራችሁ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። ለቅቆ የሄደን ሰው ማን ይሰማዋል? ጥያቄው በቃል አይሁን፤ መዝገብ ቤት አስገቡና ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። የሠራችሁትን ሥራ ዝርዝር ራሳችሁ ጽፋችሁ በፍላሽ ውሰዱላቸው፤ ኮፒ ማድረግ ይወዳሉ። ግብር መከፈሉ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ከሰጧችሁ ደግሞ እዚያው መልሱላቸው፤ ፈርማችሁ እንዳትረከቡ።