ዋይት ኧርዝ፣ በሩዝ ሰሞን

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ከሚኒያፖሊስ እስከ ዲትሮይት ሌክስ ያለውን መንገድ ልዝለለው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ ነው።

ሞቴሉን ግን አልዘለውም። በስልክ 95 ዶላር ያሉኝ ክፍል ስደርስ 130 ሆኖ ጠበቀኝ። "የሰሞኑ ዋጋ ነው" አለኝ ልጁ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ከግድግዳው ማዶ ዓሣ አጥማጆች ሲሳሳቁ አነጉ፤ እኔም ሳልወድ አብሬ አነጋሁ። ጠዋት የሰጡኝን ቡና ተዉት።

ዋይት ኧርዝ ከዚያ ወደ ሰሜን ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 በውል ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ለሆነው ለኦጂብዌ ሕዝብ የተከለለ ግዛት ነው፤ አብዛኛው መሬት ግን ቀስ በቀስ ከእጃቸው ወጥቷል። እኔ ሶሻል ወርክ አስተምራለሁ። ጥናቴ፣ ይህን ሁሉ ያለፈ ሕዝብ ባህሉን እንዴት አቆየ የሚል ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መጠይቅ አለ። "ከችግር በኋላ ቶሎ አገግማለሁ፤ ከ1 እስከ 5።"

የደረስኩት ማኖሚን የሚሉት የዱር ሩዛቸው በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ሐይቁ ላይ አንዱ ታንኳውን በረጅም ዘንግ ይገፋል። ሌላው በአንድ ቀጭን ዱላ አገዳውን ጎንበስ አድርጎ በሌላው መታ መታ ያደርገዋል። ገሚሱ ታንኳው ውስጥ፣ ገሚሱ ውሃው ላይ ይረግፋል። የረገፈው የከርሞ ዘር ነው፤ ማንም አይቆጭበትም።

አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ በትልቅ ብረት ድስት ሩዙን እያመሱ አገኘኋቸው። ሥራዬን ስነግራቸው ማማሰያው ቆመ። "ልጅ ልትወስጂ ነው የመጣሽው?" አሉና ሳቁ። አጠገባቸው የነበሩት ግን አልሳቁም።

አልፈርድባቸውም። ከ1978 በፊት የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከነባር ሕዝቦች ልጆች ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ከቤተሰባቸው ተነጥለው ነበር። ብዙዎቹ ነጭ ቤተሰብ ዘንድ አደጉ። በር እያንኳኳ የሚወስዳቸው የኔው ሙያ ሰው ነበር፤ ድህነትን እንደ ቸልተኝነት እየጻፈ። በ1978 የወጣው ሕግ ልጁ መጀመሪያ ለዘመድ፣ ቀጥሎ ለጎሳው ሰው ይሰጥ አለ። ሕጉ በፍርድ ቤት ተከሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ2023 ጸና።

መጠይቁን አወጣሁ። ሁለት ጥያቄ እንደሰሙ፣ "ሁሉንም 3 በይና ነይ እሳቱን ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ። ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። የታመሰውን ሩዝ አንድ ጎረምሳ ንጹህ ቆዳ ጫማ አድርጎ ጉድጓድ ውስጥ ይረግጠዋል፤ ሽፋኑ እንዲላቀቅ። እየጨፈረ ነው የሚረግጠው። ወንድሙ ይስቅበታል። አክስቱ ትቆጣዋለች። ታንኳ የሚገፋው ሌላው ልጅ ደግሞ እስክንጨርስ አልመጣም።

ከዚያ ከዛፍ ልጥ የተሠራ ሰፊ ዕቃ ሰጡኝና አበጥሪ አሉኝ። እዚህ ላይ ኮራሁ። እናቴ ሰፌድ ይዛ ስታበጥር አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ሳይነገረው ያውቃል። ገለባው በነፋስ ሄደ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ሌላ ሩዝ ጨመሩልኝ። ከፕሮፌሰርነት ማዕረጌ በላይ ደስ አለኝ።

መጠይቁ አንድን ሰው ለብቻው ነጥሎ ነው የሚለካው። እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው አላየሁም። ጥናቴን በዚህ ቅርጽ መቀጠል አልፈልግም፤ ገንዘብ ለሰጡኝ ሰዎች ግን ይህን እንዴት እንደምጽፍ ገና አላሰብኩበትም።

ማታ ሩዙ በሚበቅልባቸው ውሃዎች አካባቢ ስለሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ወሬ ተነሳ። የዋይት ኧርዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩዙ ራሱ ሕጋዊ መብት አውጆለታል። ቧንቧው ግን በ2021 ሥራ ጀመረ። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይወርድም፤ ይናደዳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ቀጥሎ ስለ ኳስ ያወራሉ።

ስሄድ ሩዝ ስጦታ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። በፓውንድ 18 ዶላር ሙሉ ዋጋ አስከፈሉኝ። ደግ አደረጉ፣ ይህ ገበያቸው ነው። ሱፐርማርኬት ያለው ጥቁሩ፣ የሚያብለጨልጨው፣ በእርሻ የሚመረት ነው፤ ለመብሰል አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የእሳቸው በግማሹ ደረሰ።