ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ሥዕል፦ የሦስተኛ ዓመት ደብተሬ

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

የ2017 የገና ባዛር ላይ ነው። ሥዕሎቼን የደረደርኩበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነበረ፤ በአንድ በኩል የሕፃናት ልብስ፣ በሌላው በኩል የፕላስቲክ ሳህን የሚሸጥ ልጅ በማይክራፎን ይጮሃል። አንዱን ሥዕል እያዩ የጠየቁኝን እናት በደንብ አልሰማኋቸውም መሰለኝ «12 ሺህ ነው እማማ» አልኳቸው። «ብሩን መቼ ጠየቅኩሽ? ኪሎውን ነው እንጂ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ አሜሪካ በራሪ ናቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው ጋ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የጎረቤት አደራ ቅቤ ሳይቀር ተመዝኖ ገብቷል። የቀራቸው አንድ ኪሎ ከምናምን ነው። ሥዕሉ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከነበሩት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው፣ የእንጨት በረንዳ ያለው። እሳቸው ያደጉት እዚያ ነው፤ ሰፈሩ ደግሞ በ2016 ፈርሷል። ቆመው በጣታቸው በረንዳውን እየተከተሉ አዩት። ግን ከነፍሬሙ ሦስት ኪሎ ይሆናል። ስልካቸውን ደብተሬ ላይ ጽፈው ሄዱ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የምወዳደረው ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሽሮ ጋር ነው።

ለማታውቁኝ፦ መስከረም 2015 ላይ የግራፊክስ ሥራዬን ለቅቄ ሥዕል ብቻ ሸጬ ልኑር ብዬ ወጣሁ። በመጀመሪያው ዓመት 7 ሸጥኩ፤ ከ7ቱ 4ቱን የገዙት ዘመዶቼ ናቸው፣ ስለዚህ 3 በሉት። በሁለተኛው 15። ጳጉሜ ላይ በጨረስኩት በሦስተኛው 41፣ ከነዚህ ውስጥ 29ኙ ያለ ፍሬም ተጠቅልለው ከአገር የወጡ ናቸው። ሀብታም ሆነች እንዳትሉ፣ ያለፈው ዓመት የሁለት ወር የቤት ኪራይ የተከፈለው ከሎጎ ሥራ ነው። ሎጎ አልሠራም ብዬ የማልኩትን አትጠይቁኝ።

ወደ እማማ ልመለስ። ማታ ቤት ገብቼ ሥዕሉን ከጣውላው ላይ ነቀልኩት። ሚስማሮቹን በፒንሳ አንድ በአንድ። ከዚያ መርካቶ አቡጀዲ ስገዛ የተሰጠኝ የጨርቅ ጥቅል ካርቶን ነበር፣ ቀጭን፣ የመጥረጊያ እጀታ የሚያክል፤ ቀለሙ እንዳይነካ ብዬ ወደ ውስጥ አድርጌ ጠቀለልኩበት፣ በፌስታል ጠቅልዬ ደወልኩ። ደስ ብሏቸው መጥተው ወሰዱ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣ። «የኔ ልጅ፣ በረንዳው ተሰነጣጠቀ።» ፎቶውን ሳየው ሆዴ ባባ። ከላይ እስከ ታች የደረቀ ጭቃ መስሏል።

ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ እናንተ ሁለት ወር እንዳታባክኑ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሥዕሉን ከመጀመሬ በፊት ሸራዬን የምቀባው በነጭ የግድግዳ ቀለምና በኮላ ነበር፣ ርካሽ ስለሆነ። የግድግዳ ቀለም ግድግዳ ላይ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ሥዕል የሚጠቀለለው ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ነው። እኛ ሁላችንም በደመ ነፍስ ወደ ውስጥ እናደርገዋለን። ወደ ውስጥ ሲሆን ቀለሙ ይጨመቅና ይጨማደዳል፣ ወደ ውጭ ሲሆን ግን ትንሽ ይለጠጥና ሲዘረጋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሦስተኛው ቅዝቃዜ ነው። የምሥልበት ቀለም፣ አክሪሊክ፣ ሲቀዘቅዝ ይገትራል፤ እማማ ደግሞ በጥር ብርድ ከመኪና አውጥተው እንደገቡ ነው የዘረጉት። አሁን ከእያንዳንዱ ጥቅል ጋር ወረቀት እልካለሁ፦ «ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሳይነካ ይደር።»

ቀጭኑን ካርቶን ትቼ አሁን የምጠቀልለው ወፍራም፣ ባለ 110 ሚሊሜትር የውሃ ቱቦ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኞች የሚሉት ያው ነጩ ወይም ግራጫው ፕላስቲክ፤ 55 ሴንቲሜትር አድርጌ አስቆርጣለሁ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሸዋለሁ። በሥዕሉ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት። ፌስታል በቀጥታ እንዳታስነኩ፣ አክሪሊክ ይጣበቅበታል። ከላይ ካርቶን። ሁሉም ተደምሮ አንድ ኪሎ ገደማ ይመጣል። የቱቦው ሆድ ደግሞ ባዶ ነው፣ ካልሲ ይጠቀጠቅበታል። አንዷ ደንበኛዬ ኮሰረት ሞላችበት፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ኮሰረት ኮሰረት ይሸታል ትላለች፣ ደስ ብሏት ነው የምትናገረው።

ዋጋ። ሁሌ የምትጠይቁኝ ይሄን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ለውጥ ሲመጣ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ቀለማችን ከውጭ የሚገባ ነው፣ ሱቁ ደግሞ ለኛ ብሎ አይጠብቅም። እኔ ግን በድሮ ዋጋ እየሸጥኩ ሦስት ወር ቆየሁ፣ «ሰዉ ይሸሸኛል» ብዬ። በሦስተኛው ወር ደብተሬን ደምሬ ሳየው አንዱን ሥዕል የሸጥኩበት ብር እሱኑ ደግሜ ለመሥራት አይበቃም። አሁን 50 በ70 ሴንቲሜትሩን ሥዕል እንዲህ ነው የማሰላው፦ ዕቃ 2,600፣ አራት ቀን በ1,500 ሂሳብ 6,000፣ የስቱዲዮ ኪራይ ድርሻ 1,400። 10 ሺህ ሞላ። ሌላ 2 ሺህ እጨምርበታለሁ፤ እሱ ሳይሸጡ ግድግዳ ተደግፈው ለሚከርሙት ወንድሞቹ ነው። የቀን ሂሳቡን የምታፍሩበት እንዳለ አውቃለሁ፣ «ጥበብ በቀን ይሰላል እንዴ» የሚል አለ። የስቱዲዮው አከራይ ግን በወር ነው የሚያሰላው።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጋለሪ 40 በመቶ ይወስድብኝ ነበርና እዚያ 20 ሺህ የተሰቀለውን ዓይነት ሥዕል ስቱዲዮ ለመጣ ሰው በ12 ሺህ እሰጥ ነበር። የጋለሪው ደንበኛ ስቱዲዮዬ መጣ፣ ገዛ፣ ተመልሶ ለባለቤቱ ነገረ። ሥዕሎቼን በማግስቱ በታክሲ ላኩልኝ። ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው። ዛሬ ጋለሪ የማስገባው ትልልቆቹን ብቻ ነው፣ ዋጋውም የትም ቢሆን አንድ ነው።

ቴሌግራም ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» ማለት ትቻለሁ። ዋጋውን፣ መጠኑን፣ ኪሎውን ከፎቶው ሥር እጽፋለሁ። አዎ፣ ኪሎውንም። የሚጽፍልኝ ሰው ቀነሰ፣ የሚገዛው ግን ጨመረ፤ ድሮ ቀኑን ሙሉ ስመልስ የምውለው ለማይገዛ ሰው ነበር። ውጭ ያሉት ብዙ ጊዜ ራሳቸው አይከፍሉም፣ እዚህ ያለች እህት ወይም አክስት በቴሌብር ትልካለች፣ ተጓዥ እሷው ታፈላልጋለች። ይሄ መንገድ ቀርፋፋ ነው ግን እስካሁን አልከዳኝም።

በጥር እና በክረምቱ ወራት ዲያስፖራው ይመጣል፣ ያኔ ነው ገበያው። መስከረም ላይ ሰው የልጅ ዩኒፎርምና ደብተር እየገዛ ሥዕል አያይም። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፣ ስጦታም የለም፤ እኔ ያን ጊዜ ሸራ ስወጥርና ስቀባ እከርማለሁ፣ ምክንያቱም ክረምት ላይ የተቀባ ሸራ አይደርቅም፣ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ይሰነብታል።

አንድ ሆቴል 12 ሥዕል ባንዴ ሊገዛኝ ነበር። ደረሰኝ አሉኝ። ንግድ ፈቃድ አልነበረኝም። ሌላ ሰው ሸጠላቸው። አሁን አለኝ፣ ሆቴል ግን እስካሁን አልመጣም።

ለእማማ ሌላ ዶሮ ማነቂያ ሠራሁላቸው፣ በነፃ፣ በትክክለኛ መቀቢያ። በረንዳው ከበፊቱ የተሻለ ወጣ እንኳን ብል ውሸት አይሆንብኝም። ነሐሴ ላይ ልጃቸው መጥታ ነበርና በቱቦ ወሰደችላቸው። መልእክታቸው ደረሰኝ፦ «ምንም አልሆነም፣ ተባረኪ። ግን በምን ልስቀለው?» ፎቶው ላይ ሥዕሉ በአራት የወረቀት መርፌ ግድግዳ ላይ ተወግቷል፣ ታችኛው ጥግ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ወጥቷል።

እዚያ ማስወጠር ከሥዕሉ ዋጋ በላይ ጠየቋቸው። ስለዚህ የዘንድሮው ሥራዬ ይሄ ሆኗል፦ ተፈትቶ ቱቦው ሆድ ውስጥ የሚገባ፣ ያለ ሚስማር የሚገጣጠም ጣውላ። 70 የሆነው ጎን ቱቦውን አልፎ ስለሚወጣ መሃሉ ላይ መቀጠል አለበት፣ ችግሩም እሱ ነው። አናጢው ሦስት ጊዜ ቆርጦልኛል። አራቱ ማዕዘኖች ልክ ናቸው፣ አንደኛው መቀጠያ ግን ሸራው ሲወጠር ወደ ውስጥ ይጎብጣል። የወይራ ሽብልቅ ልሞክር ነው። ከናንተ ውስጥ የሞከረ ካለ ይጻፍልኝ፣ ቅዳሜ አናጢው ጋ ነኝ።