ቢግ ሮክን ከሶፋ ላይ ማንበብ፦ የሦስተኛው ዊንተር ደብተር

ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነን። ደብተሬ ሦስተኛውን ዊንተር ይዟል። "ክረምት" ብዬ ብጽፍ አዲስ አበባ ላላችሁት ዝናብና ጭቃ ስለሚታያችሁ፣ ዊንተር እያልኩ ልቀጥል። ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው።

የደብተሩ ሥርዓት ቀላል ነው። ማታ ከመተኛቴ በፊት ቢግ ሮክ የሚባለው የሰርፍ ቦታ (ሰርፍ በቦርድ ቆሞ ሞገድ ላይ መንሸራተት ነው) ነገ ምን እንደሚመስል እጽፋለሁ። ሞገዱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያምር፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበላሽ። ጠዋት ሄጄ አያለሁ። ከዚያ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ለራሴ ከ10 ማርክ እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ዊንተር ማርክ የስምንተኛ ክፍል ሒሳቤን ያስታውሰኛል። 3፣ 2፣ 4፣ 2። አንድ ቦታ ላይ 0 አለች፤ እሷን አሁን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ለማታውቁ። ቢግ ሮክ ሳን ዲዬጎ፣ ላ ሆያ ውስጥ፣ ዊንዳንሲ ከሚባለው ሌላ የሰርፍ ቦታ ትንሽ ወደ ደቡብ ነው። ሞገዱ የሚሰበረው አሸዋ ላይ አይደለም፤ ከውሃ ሥር ባለ ጠፍጣፋ ዐለት ላይ ነው። ሪፍ የሚሉት ይህንን ነው። ወደ ግራ የሚሄድ፣ አጭር፣ ሆዱን ከፍቶ የሚመጣ ሞገድ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ ስስ ነው። የጀማሪ ቦታ አይደለም። እኔ ዋና የተማርኩት ግዮን ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። ሰርፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ቢሆንም ቢግ ሮክን አብዛኛውን ጊዜ የማውቀው መንገድ ዳር ቆሜ ነው። ይህን ስናገር ሼም አይዘኝም።

እንግዲህ ወደ ዜሮዋ። ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ ሐሙስ ነበር። ስልኬ ላይ ያለው አፕ "ከ4 እስከ 5 ጫማ" ይላል (አንድ ጫማ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው)። ቀለሙም አረንጓዴ ነው። ከሳምንት በፊት ፓሲፊክ ቢች አሸዋ ላይ ባለ 5 ጫማ ሞገድ ስጫወት ውዬ ነበር። አምስት ጫማ ያው አምስት ጫማ ነው ብዬ ገባሁ። ከቁጥሩ ጎን "17 ሰከንድ" የሚል ነበር፤ አላነበብኩትም። በባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዡ ላይ ውሃው እየጎደለ 0.4 ጫማ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱንም አላየሁም።

ዳር ዳሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ባሕሩ ሰሃን ላይ የፈሰሰ ሻይ ይመስላል። ከዚያ አድማሱ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ታየ። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ሳይነጋገሩ ወደ ውጭ መቅዘፍ ጀመሩ። እኔ ወደኋላ ቀረሁ። የመጀመሪያው ሞገድ ከፊቴ ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ሲስበው ድምፁን ሰማሁት፤ ስፕሪስ በስትሮ ሲያልቅ ብርጭቆው ሥር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ። ዐለቱ ላይ የበቀለው የባሕር ሣር ተራቆተ። ወደ አንድ ጎን የተበጠረ እርጥብ ፀጉር መስሎ ተኝቷል። እሱን እያየሁ "ይሄ እኮ መታየት የለበትም" ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላውቅም። ስወጣ ከቦርዱ ሥር ካሉት ሦስት ክንፎች (ፊኖች) አንዱ የለም። ዌትሱቴ፣ የላስቲክ የውሃ ልብሴ፣ ዳሌዬ ላይ ተቀዷል፤ ቆዳዬም አብሮት። አንድ ፀጉራቸው የነጣ የሰፈሩ ሰው ቡናቸውን ይዘው ከላይ ያዩኝ ነበር። "ስንት ሰከንድ እንደሆነ አይተህ ነበር?" አሉኝ። ደህና ነህ ወይ እንኳ አላሉኝም።

ሰከንዱ ማለት አንድ ሞገድ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ላንጋኖ የሄደ ሰው ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ላይ የሚሆነውን ያውቃል። ቶሎ ቶሎ የሚመጣ፣ የተበጣጠሰ፣ ጀልባውን የሚያንገጫግጭ ሞገድ ነው። እሱ እዚያው የተወለደ ነው። እዚህ በዊንተር የሚመጣው ግን ከጃፓን እስከ አሊውሺያን ደሴቶች ባለው ባሕር ላይ ከተነሣ ዐውሎ ንፋስ ነው። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ መንገድ ላይ ረጃጅሙ ከአጫጭሩ ተለይቶ፣ ተሰልፎ ይደርሳል። ስዌል ይሉታል።

ነገሩ የገባኝ ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው። ሰከንዱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ1.56። የሚወጣው ቁጥር ጥልቅ ባሕር ላይ የሞገዱ ርዝመት (ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ) ነው፣ በሜትር። 8 ሰከንድ 100 ሜትር ይሆናል። 16 ሰከንድ 400 ሜትር። ሰከንዱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ አራት እጥፍ ሆነ። ሞገድ ደግሞ የባሕሩ ወለል የሚሰማው ጥልቀቱ የርዝመቱ ግማሽ ሲሆን ነው። ባለ 8 ሰከንዱ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ባለ 16ቱ ገና 200 ሜትር ላይ። ከላይ ስታዩአቸው ሁለቱም 5 ጫማ ናቸው። ከሥር ግን አንዱ ቆዳ ብቻ ነው፣ ሌላው ሥጋና አጥንት አለው። ያ ሁሉ ውሃ ከጥልቁ ወጥቶ ዐለቱ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ ሽቅብ ይቆማል። 5 የተባለው 8 ይሆናል። አፑ አልዋሸኝም ነበር። ግማሹን ብቻ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

"ከፍታ" የሚለው ቃልም ሸውዶኛል። መለኪያው ላይ የምታዩት ቁጥር የሁሉም ሞገዶች አማካይ አይደለም። ከፍ ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። ከመካከላቸው ትልቁ የዚያን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ይህን አቆጣጠር ያመጡት የውቅያኖስ ተመራማሪዎቹ ሃራልድ ስቨርድሩፕና ዋልተር ሙንክ ናቸው። ይሠሩ የነበሩትም ከቢግ ሮክ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ፣ እዚሁ ላ ሆያ ባለው የስክሪፕስ ውቅያኖስ ጥናት ተቋም ነው። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ወታደር ባሕር ዳርቻ ላይ የሚወርድበትን ቀን ለመምረጥ ትንበያ አስፈለገ፤ ዘዴያቸው 1944 ላይ ለኖርማንዲም አገልግሏል። ሙንክ በ1963 ደግሞ ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ መለኪያ አስቀምጠው፣ ከደቡብ ውቅያኖስ የተነሣ ስዌል ፓሲፊክን ሲያቋርጥ እግር በእግር ተከታትለውታል። በ2019 በ101 ዓመታቸው ላ ሆያ ውስጥ ነው ያረፉት። እኔ የምነጫነጭበትን ቁጥር የሠሩት ሰው ጎረቤቴ እንደነበሩ ያወቅኩት ካረፉ በኋላ ነው። ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ዊንተር የአቅጣጫ ዊንተር ነበር። ካርታ ክፈቱ። ከላ ሆያ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ደሴቶች ተበታትነዋል። ሳን ክለሜንቴ አለ፣ ካታሊና አለ፣ ራቅ ብሎ ሳን ኒኮላስ። ከእነሱ በላይ ፖይንት ኮንሴፕሽን ጋ የባሕር ዳርቻው ይታጠፋል። ከሰሜን ምዕራብ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስዌል አብዛኛው ኃይሉ እዚያ ይቀራል። በኮምፓስ ከ285 እስከ 290 ዲግሪ (ምዕራብ 270፣ ሰሜን ምዕራብ 315 ነው) የሚመጣው ግን በሳን ክለሜንቴና በካታሊና መካከል ሾልኮ ይገባል።

ይህን ከመማሬ በፊት የሆነውን ስሙ። ከኮንሴፕሽን ወጣ ብሎ ሃርቨስት የሚባል ተንሳፋፊ መለኪያ፣ ቡይ፣ አለ። አንድ ማታ 13 ጫማ አሳየኝ። እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ጠዋት ስደርስ ቢግ ሮክ ላይ ወገብ የሚደርስ ሞገድ አንድ ሁለት ይላል። አቅጣጫው 315 ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃርቨስት 8 ጫማ ብቻ አለ፣ 287 ዲግሪ። ናቅኩት። ቢግ ሮክ ከራስ በላይ ነበር። ማርክ 2።

አሁን የማምነው ከሳን ኒኮላስ ደሴት ወደ ውጭ ያለውን ቡይ ነው። የስክሪፕስ ሰዎች ናቸው የሚከታተሉት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይታደሳል፣ በነፃ ነው። ስዌል በስንት ኖት (በሰዓት ስንት የባሕር ማይል) እንደሚጓዝ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሰከንዱን በ1.5 አባዙ። 16 ሰከንድ 24 ኖት ነው። ከቡዩ እስከ እኛ 130 የባሕር ማይል ገደማ። ስለዚህ እዚያ የታየ ስዌል ከአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ እዚህ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ለሽንት ስነሣ ስልኬን አያለሁ። ባለቤቴ "ማነው በዚህ ሰዓት የጻፈልህ?" ትለኛለች። "ሳን ኒኮላስ" እላታለሁ። ለምዳዋለች።

የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ላይ ግን የሐበሻ ሰዓት ጉድ ሠርቶኛል። ደብተሬ ላይ "ጉድለት 3 ሰዓት" ብዬ ጽፌ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ውሃው አፍ እስከ ገደፉ ሙሉ! ለካ ሰንጠረዡ ያለው የፈረንጅ 3፣ ማለትም የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አሁን ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ከስሕተቱ ግን አንድ ነገር ተገኘ። እዚህ በዊንተር፣ ጨረቃዋ ስትሞላ ወይም አዲስ ስትወጣ፣ ትልቁ ሙላት ጠዋት ነው፤ ትልቁ ጉድለት ከሰዓት በኋላ። ጠዋት 6 ጫማ የነበረው ከሰዓት ከዜሮ፣ ማለትም ከሰንጠረዡ መነሻ ልክ፣ በታች ይወርዳል። በዚያ መካከል ሪፉ ሦስት የተለያየ ቦታ ይሆናል። ሙላት ላይ ሞገዱ ይወፍርና ሳይሰበር ያልፋል። ጉድለት ላይ ከላይ እንደነገርኳችሁ ሣሩ ፀጉሩን ያሳያችኋል። እንደ ደብተሬ ከሆነ የሚሻለው ከ2.5 እስከ 4 ጫማ ባለው መካከል ነው። ይህ ደግሞ እየጎደለ ባለ ውሃ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም።

ንፋሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ጠዋት ከየብስ ወደ ባሕር ቀስ ብሎ ይነፍሳል፣ ረፋዱ ላይ ይዞራል፣ ከሰዓት ያበላሻል። ከውጭ ያለው የኬልፕ (ረጅም የባሕር አረም) ጫካ የውሃውን ፊት ትንሽ ያለሰልሰዋል። ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ የምሥራቅ ንፋስ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከሥራ ይቀራል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የከተማው ጎርፍ ባሕር ስለሚገባ የካውንቲው ጤና ቢሮ 72 ሰዓት ከውሃ ራቁ ይላል። እኔ ጆሮዬን አንዴ ታምሜ ስለማውቀው አልከራከርም።

ዲሴምበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ገጠመ። ማታ የጻፍኩት ይህ ነው፦ 4.5 ጫማ፣ 15 ሰከንድ፣ 287 ዲግሪ፣ ንፋስ ከምሥራቅ ቀስ ያለ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት፣ ከፍታው እስከ ራስ። ደርሼ አልገባሁም። ሰዓት ይዤ ግማሽ ሰዓት አየሁ። ባለ ረጅም ሰከንድ ስዌል ተንኮሉ ዝም ማለቱ ነው። አንድ ወጣት መጥቶ አምስት ደቂቃ አየና "ዛሬ ትንሽ ነው" ብሎ ቦርዱን ሊያወርድ ሄደ። እኔ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ አራት ደቂቃ ዝም። ከዚያ አምስት ሞገድ፣ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ወጣቱ ተመልሶ አጠገቤ ቆመ። ምንም አልተባባልንም።

አምስቱ እንዳለፉ ገባሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዳር ተቀምጬ ለሰፈሩ ልጆች ቦታ ስለቅ ቆየሁ። በመጨረሻ አንዷ ማንም ያልፈለጋት መጣች። ሁለቴ ቀዘፍኩ፣ ተነሣሁ፣ ወለሉ ከሥሬ ጠፋ። ከጎኔ ያለው የውሃ ግድግዳ የመስታወት ያህል ያሳያል፤ ዐለቱ ላይ ያለችውን ነጭ ስንጥቅ ሳይቀር አየኋት። ሞገዱ ሲጠቀለል የሚሠራው ቱቦ ውስጥ አልገባሁም። በሩን አይቼ ወጣሁ። ምናልባት አምስት ሰከንድ ነው። መኪና ውስጥ 8 ጻፍኩ። ሁለቱን የቀነስኩት ንፋሱ ከገመትኩት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ስለዞረ ነው።

የዚህ ቅዳሜ ግምቴን ልተውላችሁ። ስዌሉ ዓርብ ማታ ይገባል፤ መጀመሪያ 18 ሰከንድ፣ ጠዋት ወደ 16 ይወርዳል። 5 ጫማ፣ 288 ዲግሪ። ሙላት 5.6 ጫማ ጠዋት 1፡40፣ ማለትም የፈረንጅ 7፡40፤ ጉድለት ከዜሮ በታች 0.6፣ ከቀኑ 8፡50፣ የፈረንጅ 2፡50። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ውሃው ስለሚበዛ ወፍራም ይሆናል። ከ4 እስከ 5 ሰዓት ከሩብ ጥሩ ነው፣ ግን ከራስ በላይ፣ ትልልቆቹ ከዚያም በላይ። ከ6 ሰዓት በኋላ አልጠጋም። ለእኔ የተሠራ ቀን አይመስለኝም። ቦርዱን መኪና ላይ እጭናለሁ፣ ሻይ በፔርሙዝ እይዛለሁ፣ ሰዓቱንም እይዛለሁ። የሽማግሌው ቡና ካለቀ ደግሞ ሻዩን አካፍላቸዋለሁ።