የአጥንት ከሰል
ዛሬ ዝዋይ ነበርኩ። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ሰው ጥርስ የሚበልዘው በጉድጓድ ውሃ ውስጥ በሟሟ ፍሎራይድ በሚባል ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ብዙዎቹ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እንዲያውም ይበረታል።

ፍሎራይድን ከሚያስወግዱ የውሃ ማጣሪያዎች ሁሉ የወደድኩት የአጥንቱን ነው። ከቄራ የሚጣለው የከብት አጥንት አየር በታፈነበት ምድጃ ይከስላል፣ ይፈጫል፣ በርሜል ውስጥ ይሞላል። ውሃው ሲያልፍበት፣ ፍሎራይድ በእኛ አጥንት ላይ እንደሚጣበቀው ሁሉ በከሰሉም ላይ ይጣበቃል። (ጾሙን አስበው ቅር የሚላቸው አሉ፤ አልፈርድባቸውም።)

የሚያሳስበኝ ንግዱ ነው። ከሰሉ ፍሎራይድ ሲጠግብ፣ ማለትም ተጨማሪ መያዝ ሲያቅተው፣ መቀየር አለበት፤ መጥገቡ ግን በዓይንም በጣዕምም አይታወቅም። ስለዚህ ማጣሪያውን ሸጦ ከሚሄድ ነጋዴ ይልቅ የተጣራውን ውሃ በጀሪካን እየሸጠ፣ በየጊዜው እያስመረመረ፣ ከገቢው ከሰሉን የሚቀይር ቢመጣ እመርጣለሁ።